ሞቢሊቲን በስልክ ማስተማር፦ በወሎ ለሚሠሩ የልዩ ፍላጎት መምህራን

ከደሴ ወይም ከወልድያ እየተነሡ በየወረዳው ተበትነው የሚገኙ ዓይነ ስውራን ተማሪዎችን በየሳምንቱ በአካል ማግኘት ለአብዛኛው የልዩ ፍላጎት መምህር የሚቻል አይደለም። መንገዱ ይርቃል፣ የትራንስፖርት ወጪው ይከብዳል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወደ አንዳንዱ ቀበሌ የሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ይቆረጣል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ከዚያም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ መምህርና ተማሪ ለወራት ተለያይተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አስቀድሞ የሚቀረው መምህራን በተለምዶ ሞቢሊቲ የሚሉት፣ አቅጣጫን የመለየትና በራስ የመንቀሳቀስ ትምህርት ነው፤ ልጁን እጁን ይዞ ካልሆነ አይሰጥም ተብሎ ይታሰባልና። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን በ24ኛው አንቀጹ ይህን ክህሎት ከብሬይል ጎን አስቀምጦታል፤ ስለዚህ ሲመች የሚሰጥ ሳይመች የሚተው ተጨማሪ ትምህርት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ከትምህርቱ ከፍ ያለው ክፍል፣ ሥራው በትክክል ከተከፋፈለ፣ በስልክ ሊሰጥ ይችላል። የሥራው ክፍፍል የሚጀምረው አንድ ነገር ከመቀበል ነው፦ በስልክ በሚሰጥ የሞቢሊቲ ትምህርት የመምህሩ የመጀመሪያ ተማሪ፣ ከልጁም በፊት፣ ከልጁ አጠገብ የሚቆመው ሰው፣ ማለትም ረዳቱ፣ ነው።

በስልክ የማይጀመረው

ወሰኑን ማስመር ይቀድማል። የአካል ክፍሎችንና አቅጣጫን ማወቅ፣ ድምፅን ለይቶ ማድመጥ፣ በቤትና በግቢ ውስጥ መንቀሳቀስ፣ በመሪ መሄድ፣ የበትር አያያዝና አወዛወዝ፣ የመንገድን መልክ በአእምሮ መያዝ፣ እነዚህ ሁሉ በስልክ ሊጀመሩ ይችላሉ። አስፋልት ማቋረጥ፣ የገደልንና የእርከንን ጠርዝ በበትር መለየት፣ ወንዝ መሻገር፣ አዲስ መንገድን ለብቻ መሄድ ግን በአካል ተጀምረው በአካል ካልጸኑ በስተቀር በስልክ መነካት የለባቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በእርጋታ የሚራመድ ሰው በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ በቪዲዮ ጥሪ የሚነገር ቃል ከአንድ ሰከንድ በላይ ሊዘገይ ይችላል። መምህሩ ጠርዙን አይቶ «ቁም» ሲል ተማሪው ጠርዙን አልፎታል ማለት ነው። ስለዚህ የማስቆም ሥልጣን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለረዳቱ ይሰጣል፤ «ቁም» የሚለውን ቃል ረዳቱ ብቻ ይጠቀምበታል፣ ለሌላ ጉዳይ አይነገርም፣ ቃሉ ሲሰማም ተማሪው ሳይጠይቅ ባለበት ይቆማል። ይህን ብቻ የሚለማመዱበት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢመድቡ አይበዛም።

ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊገኝ ስለሚችል፣ ልምምዱ ሰው ዘወትር ከሚመላለስበት መንገድ ወጥቶ መካሄድ የለበትም፤ ተማሪውም በትሩ የነካውን የማያውቀውን ብረት ጎንበስ ብሎ በእጁ እንዳይዳስስ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ወላጆች ይህን ያውቁታል፤ ልጁ ግን እንደ ሌሎች ልጆች በዓይኑ አይቶ ስለማይሸሸው ለእርሱ በቃል መነገር አለበት።

ረዳቱን ማዘጋጀት

ረዳት የሚሆነው ልጁ በየቀኑ የሚውልበት ሰው ነው፤ እናት፣ ታላቅ ወንድም፣ አክስት፣ አንዳንዴም ከዐሥራዎቹ ዕድሜ ያለፈች ጎረቤት። ከፍ ያለች ልጃገረድ ስትሆን፣ በሙስሊሙም ሆነ በክርስቲያኑ ቤተሰብ ዘንድ የባዕድ ወንድ ክንድ ይዞ መሄድ የማይወደድ ስለሆነ፣ ረዳቷን ከሴት ዘመዶቿ መካከል ቤተሰቡ ራሱ እንዲመርጥ መተው ይሻላል። መምህሩ መርጦ ቢጠቁም በስልኩ ጫፍ እሺታ ይሰማል እንጂ ልምምዱ አይካሄድም።

ከረዳቱ ጋር የሚደረጉት የመጀመሪያ ጥሪዎች ልጁ የማይራመድባቸው ናቸው። በገጠሩ ዘንድ የቆየው ልማድ ልጁን በእጁ መጎተት ወይም የዱላን አንድ ጫፍ አስይዞ ከፊት መምራት ነው፤ ሁለቱም ልማዶች ልጁን ተጎታች ያደርጉታል፣ የመሬቱን ሁኔታም አያሳውቁትም። ትክክለኛው አመራር ተገላቢጦሹ ነው፤ መሪው ተማሪውን አይዝም፣ ተማሪው ነው መሪውን የሚይዘው። ከመሪው ክርን ጥቂት ከፍ ብሎ፣ አውራ ጣቱን በውጭ፣ አራቱን ጣቶች በውስጥ በኩል አድርጎ ይይዛል፤ ትንሽ ልጅ ከሆነ የመሪውን የእጅ አንጓ ይይዛል፤ ከዚያም ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሆኖ ይከተላል። የመሪው ክንድ ከፍ ሲል ዳገት፣ ዝቅ ሲል ቁልቁለት መሆኑን ያለ ቃል ይረዳል። በጠባብ ቦታ መሪው ክንዱን ወደ ጀርባው ይወስዳል፤ ተማሪው በዚህ ምልክት ከመሪው ጀርባ ይሆንና ክንዱን ዘርግቶ ይከተላል። ደረጃ ወይም እርከን ሲደርሱ መሪው ጠርዙ ላይ ይቆማል፣ «ወደ ላይ» ወይም «ወደ ታች» ይላል፣ ከዚያም አንድ ደረጃ ቀድሞ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ረዳቱ መልሶ በራሱ ቃል እንዲያስረዳ ይጠይቁት፤ «ገብቶኛል» የሚለው መልስ ብቻ አይበቃም።

ከዚህ የሚከብደው ረዳቱን ዝም ማሰኘት ነው። እናት ልጇ ግድግዳውን ሲፈልግ በእጁ ሲዳብስ ማየት አይሆንላትም፤ ሮጣ ታስይዘዋለች። መምህሩ በስልክ ላይ ሆኖ የእናትን እጅ ሊይዝ ስለማይችል አስቀድሞ ስምምነት ያስፈልጋል፦ አደጋ ከሌለ በስተቀር ልጁ ራሱ «እርዱኝ» እስኪል ድረስ ማንም አይነካውም፣ ማንም አቅጣጫ አይነግረውም። «አብሽር» ማለት ይፈቀዳል፤ «አብሽር፣ ወደዚህ ና» ማለት ግን አይፈቀድም። ልጁ ራሱ ሲሄድ ረዳቱ የሚቆምበት ቦታም የታወቀ ይሁን፤ ከተማሪው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሁልጊዜ አደጋው ባለበት ወገን፣ ማለትም በገደሉ ወይም በአስፋልቱ በኩል።

ቃላትና ስልክ

በአካል ሲያስተምሩ «እዚህ»፣ «እዚያ»፣ «እንዲህ አድርገህ» ማለት ይቻላል፤ እጅ ያብራራዋልና። በስልክ ግን እነዚህ ቃላት ባዶ ናቸው። ግራና ቀኝ የሚባለው ዘወትር ከተማሪው አካል አንጻር ይሁን፤ ስልኩ ወደ ራስ በሚያሳየው ካሜራ ከተያዘ ምስሉ ተገልብጦ ሊታይ ስለሚችል፣ ከማረምዎ በፊት «ቀኝ እጅህን አንሣ» ብለው ያረጋግጡ። ርቀት በክንድ፣ በስንዝርና በእርምጃ ቢነገር ይገባል፤ እርምጃ ግን በዳገትና በቁልቁለት ስለሚለያይ፣ ልጅም ስለሚያድግ፣ ቁጥሩን እንደ ረዳት ምልክት እንጂ እንደ ዋና መሪ አይውሰዱት። ወሎ ውስጥ ከሁሉ የሚሻለው የአቅጣጫ ቃል ከመሬቱ የሚገኘው ነው። ቤቶች በተዳፋት ላይ ስለሚሠሩ «ወደ ዳገቱ ዙር»፣ «ቁልቁለቱን በቀኝህ አድርግ» የሚለውን የልጁ እግር ወዲያው ያረጋግጠዋል።

በሌላ አገር የተዘጋጁ መመሪያዎች አቅጣጫን በሰዓት ቁጥሮች መግለጽን ያዘወትራሉ፤ ፊት ለፊት 12፣ በቀኝ 3፣ በግራ 9። እኛ ዘንድ ይህ አደገኛ ስሕተት ሊያስከትል ይችላል። ትንሹ የሰዓት ቆጣሪ 9 ላይ ሲያመለክት እኛ 3 ሰዓት ስለምንል፣ «በ3 ሰዓት አቅጣጫ» የተባለ ልጅ ወደ ግራ ሊዞር ይችላል። በሰዓት መጠቀም ካስፈለገ የተጻፈውን ቁጥር ማለትዎ እንደሆነ አስቀድመው ይስማሙ፤ የእኔ ምርጫ ግን ጨርሶ መተውና «ቀኝ»፣ «ግራ»፣ «ቀኝ ገደም ብሎ ወደ ፊት» ማለት ነው።

ስልኩን በተመለከተ፣ ተራ ስልክ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። በልምምድ ጊዜ የጆሮ ማዳመጫ በሁለቱም ጆሮ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ልጁ አካባቢውን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ በሸሚዝ ኪስ ወይም በአንገት በሚንጠለጠል ትንሽ ከረጢት ይቀመጥ፤ ወይም ረዳቱ ይያዘው። በዝናብ ጊዜ ጥሪ ማድረግ ከንቱ ድካም ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያው ጩኸት የሁሉንም ድምፅ ይውጠዋል። ቪዲዮ ሲኖር ረዳቱ አጭር ቀረጻ ወስዶ ኔትወርክ ሲገኝ በቴሌግራም ቢልክ ከቀጥታ ጥሪ ይሻላል፤ የበትር አወዛወዝ ከፊት ለፊት፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ከኋላ፣ የአካል አቋም ከጎን ይቀረጻል። ሌሎች ሰዎች እንዳይቀረጹ፣ የልጁም ምስል ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ ከቤተሰቡ ጋር መስማማት ግዴታ ነው።

ከቤት መጀመር

በመጽሐፍ የሚገኘው የቤት ውስጥ ትምህርት አራት ማዕዘን ክፍልን የሚያስብ ነው፤ ግድግዳ ተከትሎ ማዕዘን ላይ መድረስ፣ ጀርባን ከግድግዳ አስደግፎ አቅጣጫ መያዝ። ክብ ጎጆ ማዕዘን የለውም። ግድግዳውን የሚከተል ልጅ ሳያውቀው ይዞራል፣ በሩንም ያልፋል። እዚህ መነሻ የሚሆኑት በሩ፣ ምሰሶው፣ መደቡና ምድጃው ናቸው። ልጁ ጀርባውን ከበሩ መቃን አስደግፎ ይቁም፣ ከዚያ ወደ ምሰሶው ቀጥ ብሎ ይሂድ፣ ከምሰሶው ደግሞ ወደ መደቡ፤ ሁልጊዜም ወደ በሩ ተመልሶ ይጀምር። ምሰሶው የቤቱ መካከል መሆኑ ለክብ ቤት ትልቅ ጥቅም ነው፤ ከየትኛውም ነጥብ ወደ መካከል መሄድ ከቻለ ጠፍቶ አይቀርም። ምድጃው እሳት በሌለበት ሰዓት ይተዋወቅ፣ በእግር ሳይሆን ቁጭ ተብሎ በእጅ፣ እሳት ሲኖር ደግሞ ሙቀቱ ፊቱን ከየት በኩል እንደሚነካው ራቅ ብሎ ይናገር። የቤተሰቡ ድርሻ በርጩማ፣ ማሰሮና ጄሪካን በየቦታቸው እንዲሆኑ ማድረግና በር ወይ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት ወይ እንዲዘጋ ማድረግ ነው፤ ግማሽ የተከፈተ በር የግንባር ጠላት ነው።

በዚሁ ጊዜ ሁለቱን የመከላከያ አያያዞች ያስተምሩ። ለላይኛው አካል፣ ክንዱን በትከሻ ከፍታ ከፊቱ አሻግሮ፣ ክርኑን ጥቂት አጥፎ፣ መዳፉን ወደ ውጭ አዙሮ፣ የጣቶቹ ጫፍ ከተቃራኒው ትከሻ ጥቂት እስኪያልፍ ይዘረጋል። ለታችኛው አካል፣ ሌላው ክንድ ወደ ታች በሰያፍ ተዘርግቶ ከሰውነት አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ከእምብርት በታች ያለውን ይጠብቃል። ግድግዳ ሲከተል እጁ በወገቡ ቁመት ከፊቱ ይቀድማል፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ጠቀስ ብለው የትንሿ ጣት ጎን ግድግዳውን ይነካል፤ ቀጥ ያሉ ጣቶች እሾህና ሚስማር ያገኛቸዋል።

በትሩ

የበትሩ ርዝመት ከመሬት ቢያንስ እስከ ደረት አጥንት ታችኛው ጫፍ ይሁን፤ ፈጥኖ ለሚራመድ ልጅ ረዘም ቢል ይሻላል። ረዳቱ በገመድ ለክቶ ይንገርዎት። የተገዛ በትር እስኪገኝ ድረስ ቀላል ቀርከሃ ተልጎ ነጭ ቀለም ቢቀባ ለልምምድ ይሆናል፤ ከባድ ዱላ ግን የእጅ አንጓን ስለሚያደክም አይመከርም።

የመደበኛው አወዛወዝ ሕግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ግድም በአሜሪካ ቫሊ ፎርጅ የጦር ሆስፒታል፣ በሪቻርድ ሁቨር መሪነት፣ ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች የተቀመረ ነው። እጁ በእምብርት ፊት ለፊት ይሆናል፣ የሚንቀሳቀሰው አንጓ እንጂ ክንድ አይደለም፣ የበትሩ ጫፍ ከሁለቱም ትከሻዎች ጥቂት እያለፈ መሬት ይነካል፤ ግራ እግር ሲቀድም ጫፉ በቀኝ፣ ቀኝ እግር ሲቀድም በግራ ይሆናል። ጫፉ ቀጥሎ እግር የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ ይመረምራል ማለት ነው። ሕጉ የተቀመረው ለለሰለሰ ወለልና ለእግረኛ መንገድ ስለሆነ፣ በኮብልስቶንና በድንጋያማ ጥርጊያ ላይ ቀጭኑ ጫፍ በድንጋይ መካከል ይሰነቀርና እጀታው ሆድን ይወጋል። ኳስ የመሰለ ወፍራም ጫፍ ካለ ይህን ያቃልላል፤ ከሌለ እጁ መካከሉን ትቶ ወደ ጎን ዝቅ ቢል፣ በትሩም ጠበቅ ሳይደረግ ቢያዝ ግጭቱ ይበርዳል። ጫፉን ከመሬት ሳያነሡ መጎተት ጠርዝን ለመለየት ስለሚሻል፣ እርከን በበዛበት አካባቢ መሬቱ እስከፈቀደ ድረስ ይህን መምረጥ ያስፈልጋል።

ይህ ትምህርት ከሚታሰበው በላይ ለድምፅ ጥሪ ይስማማል። ረዳቱ ስልኩን በጉልበት ቁመት ይዞ ከጎን ከጎን ቢሄድ፣ የጫፉ ንክኪና የእግሩ እርምጃ በጥራት ይሰማሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲወድቁ አንድ ድምፅ ይሆናሉ፤ ሲለያዩ ልጁ ከበትሩ ቀድሟል ወይም ዘግይቷል። የንክኪው ድምፅ በአንድ ወገን ጠንካራ በሌላው ደካማ ከሆነ ስፋቱ እኩል አይደለም። ምስል የማያገኝ መምህር በዚህ ብቻ ብዙ ሊያርም ይችላል። መጀመሪያ ቆሞ፣ ቀጥሎ ባለበት እየረገጠ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ፊት እየሄደ ይለማመድ።

መንገዱን በስንደዶ መሥራት

ከግቢ ሲወጣ ተማሪው አስቀድሞ የመንገዱን መልክ በእጁ ሊሠራው ይገባል። ካርቶን፣ ስንደዶ፣ ባቄላ፣ ጠጠርና ሙጫ ይበቃሉ። ስንደዶው መንገዱ፣ ባቄላው ቤቱ፣ ጠጠሩ ድልድዩ ይሆናል። ልጁ ሠርቶ በስልክ ያስረዳል፤ እርስዎም እርሱ እንዳለው ብቻ ከፊትዎ ይሥሩ፤ የሁለቱም ፎቶ ሲመሳከር ልጁ ያልያዘው መታጠፊያ የት እንደሆነ ወዲያው ይገለጣል። እርሱ ሳይል ከካርታ ያወቁትን አይጨምሩበት።

ዘወትር በቦታው ያለን ምልክት አንዳንዴ ከሚገኝ ፍንጭ እንዲለይ ያስተምሩት። ቦኖው፣ ድልድዩ፣ የመሬቱ ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን መለወጥ ምልክቶች ናቸው። የወፍጮ ድምፅ፣ የዳቦ ቤት ሽታ፣ የወያላ ጥሪ ፍንጮች ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ዝም ይላል። አዛንና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ብዙ ልጆች የሚመኩባቸው ናቸው፤ ነገር ግን በተራራ መካከል ባለ ከተማ ድምፁ እየተመለሰ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ሊመስል ስለሚችል ለብቻቸው አይታመኑ። የገበያ ቀንም መንገዱን ሌላ መንገድ ያደርገዋል፤ ባቲ ሰኞ፣ ላሊበላ ቅዳሜ፣ ከብቱ፣ ሸራውና ሰዉ ዘወትር የሚታወቀውን ምልክት ሁሉ ይሸፍናል። ስለዚህ በገበያ ቀን የሚደረግ ጉዞ በተራው ቀን የጸና ተማሪ ብቻ፣ ያውም በመሪ፣ የሚጀምረው ነው።

ፀሐይ በጠዋትና ከሰዓት በኋላ ጥሩ መሪ ናት፤ በጠዋት ወደ ሰሜን የሚሄድ ልጅ ሙቀቷን በቀኝ ጉንጩ ያገኛታል። በቀትር ግን አይመኑባት፤ በእኛ ኬክሮስ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግድም የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ በሌላው ወቅት ወደ ደቡብ። ደሴ ውስጥ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስለምትጠልቅ ሙቀቷ ቀድሞ ይጠፋል። ጉም በሚወርድበት ቀን ለዓይነ ስውሩ የሚለወጥ ነገር ጥቂት ነው፤ የሚቸገረው ባለ ባጃጁ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ልጁ ደማቅ ልብስ ይልበስ፣ በትሩም ንጹሕ ነጭ ይሁን።

ጥቂት እይታ ላላቸው ተማሪዎች ከላይ የተባለው ሁሉ ይሠራል፤ የቀትር ብርሃንን የሚከላከል ባርኔጣ ይጨመር፣ ብርሃን ሲደክም በትሩን ለመያዝ እንዳያፍሩም ቀድሞ ይነገራቸው።

አንድ ነገር ግን ከማንኛውም ቴክኒክ በላይ ልምምዱን ያደናቅፋል፦ የመንገደኛ ደግነት። «እኔን ልጄ!» ብሎ ክንዱን የሚይዝ፣ ሳይጠይቅ አስፋልት የሚያሻግር፣ በትሩን ከጫፉ ይዞ የሚጎትት ሰው በየመንገዱ አለ። ተማሪው ሳያስቀይም የሚመልሰው ቃል ያስፈልገዋል፤ «አላህ ይስጥልኝ» ወይም «እግዜር ይስጥልኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» ማለትን በስልክ እየተቀባበላችሁ ተለማመዱት። እርዳታው የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ የተያዘ ክንዱን በእርጋታ አስለቅቆ እርሱ የሰውየውን ክርን ይይዛል፣ «እንዲህ ብይዝዎት ይሻለኛል» ይላል። ረዳቱ መንገደኛ እየሆነ በድንገት ክንዱን ቢይዘው ይህን ቤት ውስጥ መለማመድ ይቻላል፤ ልጆችም ይወዱታል።

ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ ልጁ ያለ እርዳታ የሠራውን፣ በቃል እርዳታ የሠራውንና ረዳቱ የነካበትን ለይተው ይጻፉ። ሦስተኛው ረድፍ እየቀነሰ ካልሄደ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አይለፉ፤ ምናልባት ልጁ ሳይሆን ረዳቱ ነው ያልተዘጋጀው። በአካል የመሄድ ዕድል ሲገኝ ጊዜውን በስልክ የተሠራውን በመድገም አያባክኑት። ከልጁ ጀርባ ሆነው ያለ ቃል እስከ ትምህርት ቤቱ በር አንድ ጊዜ ይከተሉት፤ የቀረውን ሰዓት በሙሉ በስልክ ላልተነኩት ለእርከን ጠርዝ፣ ለወንዝ መሻገሪያና ለአስፋልት ያውሉት፤ ረዳቱም አብሮ ይገኝ፤ እርስዎ ከሄዱ በኋላ እነዚህን ቦታዎች ከልጁ ጋር የሚመላለስባቸው እርሱ ነው።